ከስሙ በስተኋላ ያለው ማን ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። የሰው ስም እንዲያ ሊሆን ይችላል። የሱቅን፣ የመጋዘንን፣ የአስመጪና ላኪ ድርጅትን ስም ግን ባለቤቱ ያወጣዋል፣ የመዝገብ ሹም ይጽፈዋል፣ ዕዳ የመጣ ቀን ደግሞ ዳኛ ይፈታዋል። ዳኛው ሲፈታው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከዚህ ስም በስተኋላ ያለው ማን ነው? ዕዳውንስ ከየትኛው ኪስ እንቀበል?

በዓረብኛና በአማርኛ የንግድ ሰነዶች መካከል ስመላለስ፣ ይህ ጥያቄ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ሳይታወቅ መልኩን እንደሚለውጥ ደጋግሜ አስተውያለሁ። እንግሊዝኛው ለአንድ ሱቅ ስም ብቻ የሰጠውን ወረቀት ዓረብኛው የኩባንያ ወረቀት ሊያስመስለው ይችላል። አንባቢው ባንክ ወይም አበዳሪ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ የገንዘብ ልዩነት ነው። ስለዚህም የንግድ ስም ምዝገባ ቃላት ከእንግሊዝኛ ወደ ዓረብኛ እንዴት እንደገቡ፣ ሲገቡም ማንን እንዳገኙ ታሪኩን ባጭሩ ላወጋ ወደድሁ። ጉዳዩ የባዕድ ቢመስልም ከእኛው የንግድ ቋንቋ ጋር ዝምድና እንዳለው ወደ መጨረሻው እናያለን።

ከለንደን እንጀምር። በእንግሊዝ አገር ሰው ከራሱ ስም ውጪ በሆነ ስም መነገዱ ነውር ሆኖ አያውቅም ነበር። ነገሩን የለወጠው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ከጀርመን ጋር ጦርነት ላይ ያለ አገር፣ እንግሊዝኛ ስም ከለጠፈው ሱቅ በስተኋላ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1916 የንግድ ሥራ ስሞች ምዝገባ ሕግ ወጣ። በእውነተኛ ስሙ የማይነግድ ግለሰብ ወይም የሽርክና ቡድን ሁሉ የንግድ ስሙን፣ የባለቤቶቹን ትክክለኛ ስም፣ ስም የለወጡም እንደሆነ የቀድሞውን፣ እንዲሁም ዜግነታቸውን እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። የዘመኑን መንፈስ ለመረዳት ንጉሣዊው ቤተሰብ ራሱ በዓመቱ፣ በ1917፣ የጀርመን ስሙን ጥሎ «ዊንድሰር» መባሉን ማስታወስ ይበቃል።

እንግዲህ ይህ መዝገብ የተከፈተው ለነጋዴው ክብር ለመስጠት ሳይሆን ከነጋዴው ፊት መጋረጃ ለመግለጥ ነው። የተመዘገበው ስም አዲስ «ሰው» አልፈጠረም። ከስሙ በስተኋላ ያለው ያው ሥጋና ደም ያለው ባለሱቅ ነው፤ ሲከሰርም ቤቱም አልጋውም ለዕዳው ይሸጣል። ኩባንያ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 የወጣው ሕግ ለባለአክሲዮኖች የተወሰነ ኃላፊነት ሲፈቅድ «ሊሚትድ» የሚለው ቃል በስሙ መጨረሻ እንዲጻፍ አስገድዷል። ቃሉ ጌጥ አልነበረም፤ «አበዳሪ ሆይ፣ ከዚህ ማኅበር ሀብት አልፈህ ወደ አባላቱ ቤት አትደርስም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። በ1896 ደግሞ የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በሳሎሞን ጉዳይ ላይ ኩባንያው ከመሠረተው ሰው የተለየ ሰው መሆኑን ቁርጥ አድርጎ ወሰነ። ስለዚህ እንግሊዝኛው ሦስት በሮች አሉት፤ የንግድ ሥራ ስም፣ ሽርክና እና ኩባንያ። በሦስቱም በር ላይ ስም ይጻፋል፤ ዕዳ ሲመጣ ግን ሦስቱም የተለያየ ሰው ያስወጣሉ።

ዓረብኛ እነዚህን ሦስት በሮች ሲቀበል ባዶ ቤት አልነበረም። እንዲያውም በንግድ ቃል ከአውሮፓ የሚያንስ ቋንቋ አልነበረም። የእስልምና የሕግ ሊቃውንት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሽርክናን በየዓይነቱ ለይተው ጽፈውታል። አንዱ ገንዘብ ሌላው ጉልበት የሚያወጣበት «ሙዳረባ» ነበረ። ሐነፊዎችና ሐንበሊዎች የሚቀበሉት «ሸሪከት አል-ዉጁህ»፣ ማለትም «የፊቶች ሽርክና» የሚባልም ነበረ። በዚህ ሽርክና ባልደረቦቹ ገንዘብ የላቸውም፤ ዋናቸው በገበያ ላይ ያላቸው ፊት፣ ማለትም የታመነ ስማቸው ነው። በስማቸው በዱቤ ይገዛሉ፣ ሸጠው ትርፉን ይካፈላሉ። ስም ራሱ ካፒታል መሆኑን ከዚህ በላይ ማን ገለጠው?

መዝገብም አላጡም። «ሲጂል» የሚለው ቃል መነሻው ማኅተም የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ በግሪክ በኩል አልፎ ዓረብኛ የገባው እጅግ ቀደም ብሎ ነው፤ በቁርአንም ውስጥ ይገኛል። በኦቶማን ዘመን የቃዲ ፍርድ ቤቶች ሽያጩን፣ ኪራዩን፣ ውርሱንና ዕዳውን የሚጽፉበት መዝገብ ሲጂል ይባል ነበር። የአውሮፓ የንግድ መዝገብ ሲመጣ «አስ-ሲጂል አት-ቲጃሪ» ተባለና አሮጌው ቃል በአዲሱ ቢሮ በር ላይ ተለጠፈ።

የጎደለው አንድ ነገር ነበር። በጥንቱ ትምህርት «ሸሪካ» የሰዎች ውል እንጂ ከሰዎቹ ተለይቶ የሚከስና የሚከሰስ ራሱን የቻለ ሰው አልነበረም። ይህን አሳብ ለመግለጽ ዓረብኛ አዲስ ስያሜ መፍጠር ነበረበት። «ሸኽሲያ ኢዕቲባሪያ» አለው፤ እንደ ሰው የሚቆጠር ሰውነት እንደማለት ነው። ችግሩ ግን «ሸሪካ» የሚለው አሮጌ ቃል ሁለቱንም እንዲሸከም መደረጉ ነው፤ የጥንቱን የሰዎች ውልም፣ አዲሱን ሰው ሠራሽ ሰውም። እንግሊዝኛ በሁለት ቃል የለየውን ዓረብኛ በአንድ ቃል አሳደረው።

አዲሶቹ ቃላት በብዛት የገቡት በለንደን በር ሳይሆን በፓሪስ በር ነው። የኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1850 የንግድ ሕግ ሲያወጣ የወሰደው ናፖሊዮን በ1807 ያወጣውን የፈረንሳይ የንግድ ሕግ ነበር። በግብፅ ደግሞ ሪፋዓ አጥ-ጠህጣዊ የተባለው ሊቅ አለ። በ1801 የተወለደው ይህ የአል-አዝሃር ተማሪ በ1826 ለትምህርት ከተላኩት የግብፅ ወጣቶች ጋር ኢማም ሆኖ ፓሪስ ሄደ፤ ተመልሶም በ1835 የተከፈተውን የቋንቋዎች ትምህርት ቤት መራ። በ1860ዎቹ እሱና ባልደረቦቹ የፈረንሳይን ሕጎች ወደ ዓረብኛ መለሱ። በ1875 ማኑሪ የተባለ በአሌክሳንድርያ የሚኖር ፈረንሳዊ ጠበቃ ያረቀቃቸው የቅይጥ ፍርድ ቤቶች ሕጎች ታወጁ፤ በ1883 ደግሞ የአገሬው ፍርድ ቤቶች የንግድ ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ እስከ 1999 ድረስ 116 ዓመት ሲሠራ ኖሯል። የ1999ኙ አዲስ ሕግም ቢሆን በአሮጌው ውስጥ ያለውን የሽርክና ክፍል አልሻረም።

በዚህ በር የገቡት ቃላት እንዴት እንደተቀረጹ መመልከት ደስ ያሰኛል። ፈረንሳዮች «በጋራ ስም የሚሠራ ማኅበር» የሚሉትን ዓረብኛው «ሸሪከት ተዳሙን» አለው። ተዳሙን ዋስትና ከሚለው ሥር የወጣ ነው፤ ሁሉም የሁሉም ዋስ የሆነበት ሽርክና። ፈረንሳይኛው በስሙ ጠራው፣ ዓረብኛው በዕዳው ጠራው። ለእኔ የዓረብኛው የተሻለ ነው፤ ከስሙ በስተኋላ ማን እንዳለ ወዲያው ይናገራልና። የአክሲዮን ማኅበርን ፈረንሳዮች «ስም የለሽ ማኅበር» ይሉታል፤ በ1807ቱ ሕግ መሠረት በባለቤቶቹ ስም ሳይሆን በሚሠራው ሥራ ይጠራ ስለነበር ነው። ግብፅ ይህን ትታ «ሳህም» ከሚለው ቃል «ሸሪከት ሙሳሀማ» አለች። ሳህም ፍላጻ ነው፤ ዕጣና ድርሻም ነው። ሊባኖስ በ1942ቱ የንግድ ሕጓ «ሙግፈላ» የሚለውን፣ ማለትም «ስሙ የተተወ» የሚለውን ከሙሳሀማ ጎን አስቀመጠች። ቱኒዚያ ደግሞ እስከ ዛሬ «ሸሪካ ኸፊየት አል-ኢስም» ትላለች፤ «ስሙ የተሰወረ ማኅበር»። እንግዲህ አንድ የቱኒዚያ ባንክ በሕግ ቋንቋ ስሙ የተሰወረ ነው፤ ግን ስሙ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ያበራል። ፈረንሳይኛውን ያላወቀ ሰው ቀልድ ይመስለዋል።

የእንግሊዝኛው በር የተከፈተው በጎረቤታችን በሱዳን ነው። ሱዳን ከ1899 ጀምሮ በስም የእንግሊዝና የግብፅ ጥምር ግዛት ነበረች፤ በተግባር ግን ሕጉን የሚጽፈው እንግሊዝ ነበር። በ1925 የኩባንያዎች ሕግ፣ በ1931 የንግድ ሥራ ስሞች ምዝገባ ሕግ፣ በ1933 የሽርክናዎች ምዝገባ ሕግ ወጣ። ሦስቱ የእንግሊዝ በሮች ልክ እንደነበሩ ካርቱም ላይ ተተከሉ። ለጦርነት ጊዜ የታሰበው የለንደን መጋረጃ ገላጭ ሕግ ከ15 ዓመት በኋላ በዓባይ ዳር የሚነግደውን ሱዳናዊ፣ ሶርያዊ፣ ግሪክና የመናዊ ይመዘግብ ጀመር።

የሱዳን ዓረብኛ ይህን ሕግ «ቃኑን ተስጂል አስማእ አል-አዕማል» ይለዋል። የግብፁ ቃል «ኢስም ቲጃሪ»፣ ማለትም «የንግድ ስም» ነው፤ የሱዳኑ ግን «ኢስም ዓመል»፣ «የሥራ ስም» ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ የካይሮ ሰው ድፍን ትርጉም ነው ብሎ ሊስቅ ይችላል። እኛም ብንሆን ዓመል ስንል ጠባይ ማለታችን ስለሆነ «የዓመል ስም» ሲባል ቅጽል ስም ይመስለናል። ነገር ግን የሱዳኑ ተርጓሚ ሞኝ አልነበረም። የ1916ቱ የእንግሊዝ ሕግ ንግድን ብቻ ሳይሆን የሙያ ሥራንም እንደሚጨምር በግልጽ ተናግሯል። ከፈረንሳይ በመጣው ሕግ ደግሞ ሐኪምና ጠበቃ «ታጂር»፣ ማለትም ነጋዴ አይባሉም። «ቲጃሪ» ብሎ ቢሆን ኖሮ እነዚህን ከመዝገቡ ባስወጣቸው ነበር። «አዕማል» ግን ሁሉንም ይይዛል። ያልተወለወለው ቃል ከተወለወለው ይልቅ ለዋናው የታመነ ሆነ።

ሁለተኛው የሱዳን ዘዴ በአንዲት ፊደል የተሠራ ነው። ኩባንያው «ሸሪካ» ተባለ፤ ሽርክናው ግን አንዲት አሊፍ ተጨምራለት «ሸራካ» ሆነ። በዓረብኛ ጽሕፈት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያች ቀጥ ያለች አንዲት ጭረት ናት። ያች ጭረት ስትገደፍ ንብረቱ ሁሉ ለዕዳ የሚያዝበት ሰው፣ ካወጣው ገንዘብ በላይ የማይጠየቅ ባለአክሲዮን ይመስላል። በእጅ ጽሑፍ ዘመን ይህ ምን ያህል ሥጋት እንደነበረ አንባቢ ይገምት።

ከ1956ቱ ነፃነት በኋላ ዓረብኛ ቀስ በቀስ የሕጉን ወንበር ያዘ። በ1971 የኒሜሪ መንግሥት ከግብፅ የተቀዳ የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጀ፤ በ1973 ግን ሻረውና ወደ እንግሊዙ ፈለግ ተመለሰ። በዚህ ምልልስ በፓሪስ በር የመጡት ቃላት በለንደን በር ከመጡት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። የ1925ቱ የኩባንያ ሕግ እስከ 2015 ዘልቋል። የሚያስገርመው፣ እንግሊዝ ራሷ የንግድ ሥራ ስሞችን መዝገብ በ1981 ባወጣችው ሕግ አስቀርታዋለች። ባለቤቱ የጣለውን መዝገብ የቀድሞ ግዛቱ ይዛው ቀረች።

እነዚህ ነገሮች ዛሬም የሕይወት ጉዳይ ናቸው። በሱዳን ጦርነቱ ከተነሣበት ከሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሚሊዮኖች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ ወደ ግብፅም ወደ ኢትዮጵያም የተሻገሩ አሉ። ሱቁን ጥሎ የወጣ ነጋዴ ይዞት ሊወጣ የሚችለው ወረቀቱን ነው። «ኢስም ዓመል» የሚለው ያ ወረቀት በሌላ አገር ቢሮ ሲቀርብ «ኩባንያ» ተብሎ ቢተረጎም ሰውየው የሌለውን መብት ያገኘ ይመስላል፤ «ፈቃድ» ብቻ ተብሎ ቢተረጎም ደግሞ ያለውን ስም ያጣል።

ተርጓሚውን የሚጠብቁ ወጥመዶች ከዚህም በላይ ናቸው። አንዱ «ዑንዋን» ነው። የዕለት ተዕለቱ ዓረብኛ ዑንዋን ሲል አድራሻ ማለቱ ነው። በንግድ ሕግ ግን «ዑንዋን አሽ-ሸሪካ» ከሽርክና አባላት ስም የተሠራው የማኅበሩ መጠሪያ ነው። አባል ያልሆነ ሰው እያወቀ ስሙን በዚህ መጠሪያ ውስጥ ካስገባ፣ ስሙን አምኖ ለመጣው አበዳሪ ዕዳ እንደ አባል ይጠየቃል። ይህን «አድራሻ» ብሎ የተረጎመ ሰው አንድ ሙሉ የሕግ ደንብ ከነዕዳው ሰርዟል ማለት ነው።

ሌላው «ሙአሰሳ» ነው። ቃሉ ተቋም ማለት ነው፤ በናስር ዘመን ግብፅ ታላላቅ የመንግሥት ድርጅቶች ሙአሰሳ ይባሉ ነበር። በሳዑዲ ዓረቢያ ግን «ሙአሰሳ ፈርዲያ» የአንድ ሰው ንግድ ነው። ከባለቤቱ የተለየ ሰውነት የለውም፤ ዕዳውም፣ የሠራተኛው ደመወዝም የባለቤቱ የራሱ ዕዳ ነው። ለሥራ ወደዚያ የሚሄደው ወገናችን በውሉ ላይ ይህን ቃል «ተቋም» ተብሎ ሲነበብለት ትልቅ ድርጅት ይመስለዋል። ትክክለኛውን ቢያውቅ ግን ደመወዙ ሲቀር የሚጠይቀው አንድ በስም የሚታወቅ ሰው መሆኑን በተረዳ ነበር።

ሦስተኛው «ሊሚትድ» ነው። በሱዳንና በዮርዳኖስ «አል-ማሕዱዳ» ተብሎ በስሙ ጫፍ ይቀመጣል፤ ትልቁ የከነና ስኳር ኩባንያ ሳይቀር ይህን ቅጽል ይዟል። ቃል በቃል «የተወሰነው ኩባንያ» ማለት ነው፤ ምኑ እንደተወሰነ አይናገርም። ግብፅ በ1954 ይህን ዓይነት ማኅበር በሕግ ስትፈቅድ «ዛት አል-መስኡሊያ አል-ማሕዱዳ» አለች፤ «ኃላፊነቱ የተወሰነ»። ይሄ ይሻላል። ይሁንና እሱም ቢሆን ልኩን አልተናገረም። ማኅበሩማ ላለበት ዕዳ ባለው ሀብት ሁሉ ይጠየቃል፤ የተወሰነው የአባላቱ ኃላፊነት ነው።

ከቃሉ አልፎ ስሙ ራሱ በየትኛው ቋንቋ ይሁን የሚለውም ብዙ አከራክሯል። ግብፅ በ1942 ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር በዓረብኛ እንዲጻጻፉ በሕግ አስገደደች፤ በ1958 ደግሞ የንግድ ሰሌዳዎች በዓረብኛ እንዲጻፉ አዘዘች። በዚያን ጊዜ የካይሮና የአሌክሳንድርያ ትልልቅ ንግዶች በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ይነጋገሩ ስለነበር፣ ትእዛዙ የባለቤትነት ጥያቄም ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1999 ያወጣችው የንግድ ስሞች ሕግ ከተወሰኑ በቀር ስሙ ዓረብኛ ወይም በዓረብኛ የተቃኘ እንዲሆን ያስገድድ ነበር። በ2024 ወጥቶ በ2025 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ለውጭ ቋንቋ ስሞች በሩን ከፍቷል። ዱባይ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ በፋይናንስ ማእከሏ ውስጥ ሕጉም ፍርድ ቤቱም በእንግሊዝኛ እንዲሆን ፈቅዳለች። ከማእከሉ ውጪ ግን የመደበኛው ፍርድ ቤት ዋና ቋንቋ ዓረብኛ ነው። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ መንገድ የተሻገረ ነጋዴ ቋንቋም ሕግም ይሻገራል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ዓረብኛው «ኢስም» ሲል እኛ «ስም» እንላለን፤ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። «ሱቅ»፣ «ደላላ»፣ «ኪሳራ»፣ «ወኪል» ከባሕር ማዶ ከመጡት ነጋዴዎች የወረስናቸው ናቸው። «ሽርክና»ም የዚያው የ«ሸሪካ» ዘመድ ነው። በዓረብኛ «ሽርክ» በፈጣሪ ላይ ሌላን ማጋራት፣ ማለትም ትልቁ ኃጢአት ነው፤ በእኛ ደግሞ ሁለት ባልንጀሮች «ሽርክ ናቸው» ይባላል። ቃል አገር ሲለውጥ ጠባይ ይለውጣል።

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕጋችንም እንደ ግብፁ በፈረንሳይ በር የገባ ነው። ዣን ኤስካራ ጀመሩት፤ እሳቸው በ1955 (እ.ኤ.አ.) ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። ከፈረንሳይኛው ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች ያደረጉት ምርጫ ሊመሰገን ይገባዋል። ለሰዎቹ ማኅበር «ሽርክና»ን አስቀሩ፤ ለገንዘቡ ማኅበር «አክሲዮን» የሚለውን የፈረንሳይ ቃል ወሰዱ። ዓረብኛው «ሸሪካ» በሚል አንድ ቃል ያደባለቀውን አማርኛው እንዲህ ለየው። ለሦስተኛ ወገን የማይገለጠውን ሽርክና «የእሽሙር ማኅበር» አሉት፤ እኔ ይህን ስሰማ አሽሙር ትዝ ይለኛል፣ በውስጥ ያለ በግልጽ ያልተነገረ ነገር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 አሮጌውን በከፊል ቢተካም ብዙዎቹን ቃላት ተቀብሎ አስቀጥሏል።

አንድ ቃል ላይ ደግሞ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ተገናኝተዋል። ማኅበር ሲፈርስ ሒሳቡን የመዝጋቱን ሥራ እንግሊዝኛው ማቅለጥ፣ ወደ ፈሳሽ መለወጥ ይለዋል። ዓረብኛው «ተስፊያ» ይላል፤ ማጥለል፣ ንጹሑን መለየት። አማርኛው «ሒሳብ ማጣራት» ይላል፤ የሚሠራውንም «ሒሳብ አጣሪ»። ጠጅ እንደሚጣራ ዕዳው ከሀብቱ ይጣራል። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ከመገልበጥ ይልቅ የሥራውን ጠባይ አይተው ሁለቱም አንድ ወንፊት አነሱ።

ከዚህ ሁሉ የማገኘው ትምህርት ይህ ነው። መልካም ተርጓሚ «ይህ ቃል በዚያ ቋንቋ ምን ይባላል?» ብሎ አይጀምርም፤ «በዚህ ቃል የሚጠየቀው ማን ነው?» ብሎ ይጀምራል። የካርቱሙ ተርጓሚ አሊፍ ሲጨምር፣ የግብፁ ተርጓሚ ስሙን ትቶ ዋስትናውን ሲይዝ፣ የእኛዎቹም ሽርክናን ከአክሲዮን ሲለዩ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዛሬ ከካርቱም፣ ከጅዳ፣ ከዱባይ የሚመጡ የንግድና የሥራ ወረቀቶች በየቀኑ ወደ አማርኛ እየተመለሱ ነው። ግን እነዚህን የሦስት በር ቃላት ከነየአገራቸው ለይቶ ያስቀመጠ አንድ ጥሩ መዝገበ ቃላት በሠራተኛውም በነጋዴውም እጅ ቢኖር ብዙ ክርክር ከመነሣቱ በፊት በቀረ ነበር። የሕግ ባለሙያዎቻችንና የዓረብኛ ሊቃውንቶቻችን አንድ ላይ ቢቀመጡ ሥራው ከአቅማቸው በላይ አይደለም። ጠህጣዊና ባልደረቦቹ በጉልበታቸው ሠርተውታል፤ ለእኛ ደግሞ ግማሹን መንገድ ሽርክና የሚለው ቃል ራሱ ሄዶልናል።